ምዕራፍ ሰባት፦ ቀዩ ሜዳ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሄደ ሰው የሚከተለውን ዓይነት ሜዳ ሳያይ አይቀርም። በአንድ ወገኑ ብረታ ብረት ቤት አለ፤ ብየዳው ቀኑን ሙሉ ሲፈነጥቅ ይውላል። በሌላው ወገን በባሕር ዛፍ አጣና የታጠረ የመኖሪያ ግቢ ነው። መካከሉ ባዶ ነው። በአራቱ ማዕዘን የሲሚንቶ ችካል ተተክሎበት ነበር፤ አንዱ ተነቅሎ ለሰፈሩ ልጆች የጎል ቋሚ ሆኗል። በገበያ ቀን አህያ ይታሰርበታል። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚጣለው እዚያው ነው። ክረምት ሲገባ የላይ ሰፈሩ ጎርፍ ወርዶ ይተኛበታል።

ይህ ሜዳ የአንድ የታወቀ ሰው ወይም ቀበሌ አይደለም፤ ለዚህ ምዕራፍ መማሪያ እንዲሆነን ከብዙ ሜዳዎች ቀንጭቤ ያቆምሁት ነው። ስፋቱን 400 ካሬ ሜትር እንበለው። በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፕላን ግን ሜዳው ባዶ አይደለም። ቀይ ተቀብቷል። ቀይ ማለት ንግድ ነው። ዙሪያው ያለው ቢጫ ደግሞ መኖሪያ።

የሰፈሩ ሰው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ቤት ያጣ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ነጋዴ ያልመጣበትን ሜዳ ቢጫ ማድረግ ምን ያቅታል? መልሱ እንደ ጥያቄው አይቀልም። ቀለሙን ከመቀየራችን በፊት ቀለሙ ምን እንደሚል ማንበብ ያስፈልጋል።

አገልግሎት የሚባለው ቃል

በከተማ መሬት ጽሕፈት ቤቶች ይህ ሥራ በተለምዶ «የአገልግሎት ለውጥ» ይባላል። ቃሉን ለአንድ አፍታ እንያዘው። መሬት ያገለግላል፤ የሚያገለግለው ነገር በወረቀት ይጻፋል፤ የተጻፈውን ለመቀየር ፈቃድ ይጠየቃል። ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ይመስላል እንጂ ለምሥራቅ ጎጃም አዲስ አይደለም።

ሞጣ የቆመችው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደበሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ ደብር ሲተከል መሬትም አብሮ ይሰጠዋል፤ ሰሞን መሬት የሚባለው ይህ ነበር። መሬቱን የያዘ ሰው በያዘው ልክ ያገለግላል፦ ይቀድሳል፣ ማኅሌት ይቆማል፣ ያስተምራል። ማገልገል የማይችል ባለመሬት ደግሞ በእሱ ምትክ የሚቀድስ ሰው ያቆማል። መሬቱና አገልግሎቱ በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ። በጎንደርና በጎጃም አድባራት የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ እየተጻፈ ኖሯል፤ ምስክሮቹም በስም ይቆጠሩ ነበር። የዛሬው ካርታና የሊዝ ውል የሚሠራውን ሥራ ያን ጊዜ የሚሠራው ያ ኅዳግ ነበር።

ያ ሥርዓት የነበረበትም ችግር ለዛሬው እንግዳ አይደለም። ባለመሬቱ መሬቱን ይዞ አገልግሎቱን ለሌላ ሲያሸክም፣ መሬቱ ሹመትና ሀብት ይሆናል፤ አገልግሎቱ ግን ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለንግድ የተሰጠ ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ ዋጋው እስኪወጣ ሲጠብቅም ነገሩ ያው ነው።

በመካከል ብዙ ተለውጧል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የመኖሪያ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥም ወሰነ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ሊዝን አመጣ፤ በ1994 አዋጅ 272፣ በ2004 ደግሞ አዋጅ 721 ተተኩበት። የመሬቱ ባለቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መንግሥትና ሕዝብ ነው፤ ግለሰቡ የሚይዘው የመጠቀም መብት ነው። የሚጠቀምበትም ለተፈቀደለት አገልግሎት ነው። ውሉ ላይ «ንግድ» ከተባለ፣ ንግድ ነው።

ቀለሙ ከየት መጣ?

ከተማን በአገልግሎት ከፋፍሎ ቀለም መቀባት በአውሮፓ የፋብሪካ ጭስ የወለደው ሐሳብ ነው። የጀርመኗ ፍራንክፈርት በ1891 እ.ኤ.አ. ከተማዋን በቀጠና ከፍላ ለየቀጠናው የግንባታ ደንብ አወጣች። ኒው ዮርክ በ1916 ተከተለች፤ ከዓመት በፊት የተጠናቀቀው ባለ 38 ፎቁ ኢኩዊተብል ሕንፃ የጎረቤቶቹን ፀሐይ መጋረዱ ሰዉን አስቆጥቶ ነበር።

ቀለም ገንዘብ መሆኑን ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳየው በኦሃዮ፣ በዩክሊድ መንደር የተነሣው ክርክር ነው። አምብለር የተባለ የመሬት ኩባንያ 68 ኤከር መሬት ይዞ ፋብሪካ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። መንደሯ ከቦታው ከፊሉን ለመኖሪያ ከለለችው። ኩባንያው ከሰሰ፦ ለኢንዱስትሪ ቢሆን በኤከር 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣው መሬቴ ለመኖሪያ ሲባል ወደ 2,500 ወረደ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926 እ.ኤ.አ. ለመንደሯ ፈረደ። አንድ ድንጋይ ሳይነሣ፣ አንድ ጉድጓድ ሳይቆፈር፣ ቀለም ብቻ ተቀይሮ የመሬት ዋጋ በአራት እጅ ሊለያይ እንደሚችል ዓለም ከዚያ ፋይል ተማረ።

ወደ እኛ አገር ሐሳቡ በበጎ መልክ አልገባም። የጣሊያን ወራሪ ለአዲስ አበባ ያወጣው ፕላን ከተማዋን በአገልግሎት ብቻ ሳይሆን በዘርም የከፈለ ነበር፤ መርካቶ የአገሬው ገበያ ተብሎ ለብቻው የተለየው በዚያ ዘመን ነው። ከነጻነት በኋላ የወጡት ፕላኖች የዘሩን መስመር ጣሉ፤ የአገልግሎቱን መስመር ግን ያዙ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ብሔራዊ የከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ማስተር ፕላን ወደ ክፍለ አገር ከተሞችም ወረደ። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ ሥርዓቱን በሁለት ደረጃ አስቀመጠው፦ ከተማውን በሙሉ የሚመለከተው መዋቅራዊ ፕላን አለ፤ የሚያገለግለውም 10 ዓመት ነው። ከእሱ ሥር የአንድን ሰፈር ዝርዝር የሚያወጣ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ።

ስለዚህ የእኛ ሜዳ ቀይ የሆነው አንድ ቀን ጠዋት አንድ ባለሙያ ቀይ እርሳስ ስላነሣ አይደለም። መንገድ ዳር ነው፣ ሰው ይበዛበታል፣ ሱቅ ይመጣበታል የሚል ግምት ነበር። ግምቱ የ10 ዓመት ዕድሜ ተሰጠው።

ሜዳው ለምን ባዶ ቀረ?

ግምቱ በአንድ ነገር ልክ ነበር፦ ንግድ መጥቷል። የመጣው ግን ቀዩ ላይ አይደለም። ቢጫው ላይ ነው።

በቢቸና ወይም በሞጣ አንድ የመንገድ ዳር ቤት ፊት ለፊት እንቁም። ፊቱ በብረት በር የሚዘጋ አንድ ክፍል ሱቅ ነው፤ ሳሙና፣ ጨው፣ ዘይት፣ የሞባይል ካርድ። ከሱቁ ጀርባ በመጋረጃ የተለየች ክፍል አለች፤ ባለሱቋ ልጇን የምታስተኛው እዚያ ነው። ከዚያ ጓሮ፤ ጓሮው ውስጥ የጠላ ጋን፣ የእህል ጎታ፣ ለተማሪ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች። ቀዩና ቢጫው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ባለሱቋ ለሱቁ ሌላ ቦታ፣ ለኑሮ ሌላ ቦታ አትፈልግም፤ ብትፈልግም አቅሟ አይደርስም። ጠላ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር ቤቱ እንዲሁ ናቸው። ከተማው በዚህ ዓይነት ሲነግድ ኖሯል።

ንጹሕ የንግድ ቦታ ግን ሌላ ሰው ይጠራል። ብዙ ከተሞች በዋና መንገድ ዳር ለንግድ በተከለለ ቦታ ላይ ከተወሰነ ፎቅ በታች አይፈቅዱም፤ «ጂ ፕላስ ሁለት» እና «ጂ ፕላስ ሦስት» የሚሉት ቃላት ከጨረታ ሰነድ ወጥተው የቡና ላይ ወሬ ሆነዋል። ይህ ምን ያህል ያስወጣል? ከመሬቱ እንጀምር። በቢቸና ዙሪያ ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ብዙ ነው። ለጤፍ የተባረከ ነው፤ ለመሠረት ግን አስቸጋሪ። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለው ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። ፎቅ የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ በምትኩ ሰሌክት የሚባለውን የመሙያ አፈር አምጥቶ መሙላትና መጠቅጠቅ አለበት። አንድ ብሎኬት ሳይቆም ብዙ ብር መሬት ውስጥ ይቀበራል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ሁለቱን ቤቶች በአንድ ዓይን አያያቸውም። ምድር ላይ ብቻ ያለ፣ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ቤት ምድብ «ሀ» ነው፤ ፈቃዱም ወጪውም ቀለል ይላል። ፎቅ ከሆነ ወደ ምድብ «ለ» ይገባል፤ ቁመቱ ከ12 ሜትር ካለፈ ወይም የሕዝብ መገልገያ ከሆነ ምድብ «ሐ»። ያኔ የተመዘገበ ባለሙያ ንድፍ፣ የስትራክቸር ስሌት፣ ቁጥጥር ይመጣል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ፎቁን ያቆመ ነጋዴ ክፍሎቹን ለማን ያከራያል? ባለሱቋ ከቤቷ ፊት ያለ ኪራይ እየነገደች ሳለ?

ሜዳውን ባዶ ያደረገው የነጋዴ ስንፍና አይደለም፤ የከተማው ፍላጎት ማነስም አይደለም። በቀዩ ውስጥ የተጻፈው የግንባታ ልክ ከከተማው ኪስ ስለበለጠ ነው። ይህን ማወቅ በኋላ ስለ መፍትሔው ስናወራ ይጠቅመናል።

ሦስት ዓይነት ሜዳ

«የአገልግሎት ለውጥ» ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ነገር የተባለ ይመስለዋል። ነገር ግን ባዶ ሜዳ ሦስት ዓይነት ነው፤ መንገዱም ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ለማንም ያልተሰጠ፣ በከተማው መሬት ባንክ ያለ ቦታ ነው። እዚህ የሚቀየረው ፕላኑ ብቻ ነው። ከተማው ጥናት ያስጠናል፣ በአካባቢው ያለውን መንገድ፣ ውኃና ፍሳሽ ያያል፣ ነዋሪውን ያወያያል፣ ለሚያጸድቀው አካል ያቀርባል። ከዚያ ቦታው ለመኖሪያ በጨረታ ይወጣል፤ ወይም በምደባ ይሰጣል። አዋጅ 721 በመንግሥት ለተፈቀዱ የራስ አገዝ ቤት ግንባታዎች ምደባን ይፈቅዳል። በአማራ ክልል ከተሞች በማህበር ተደራጅቶ፣ ቆጥቦ፣ ዕጣ ጠብቆ ቦታ መውሰድ ለብዙ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ የቤት ተስፋው ነው።

ሁለተኛው በሊዝ ለንግድ የተሰጠ፣ ባለውሉ ግን ያልሠራበት ነው። እዚህ ከፕላኑ በተጨማሪ ውል አለ። ውሉ ዋጋ አለው፤ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ አለው፤ ዘመንም አለው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች አዋጁ ያስቀመጠው ጣሪያ ለንግድ 70 ዓመት፣ ለኢንዱስትሪ 80፣ ለመኖሪያ 99 ነው። «ንግድ» የሚለው ቃል ተፍቆ «መኖሪያ» ሲጻፍ 29 ዓመት ሊጨመር ይችላል ማለት ነው። ባለውሉ በጊዜው ካልሠራ ደግሞ ጥያቄው የአገልግሎት ለውጥ መሆኑ ይቀርና ውሉን የማቋረጥ ይሆናል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ለዓመታት ታጥረው የቆዩ፣ ከ150 በላይ ባለይዞታዎች የያዟቸውን ከ400 ሄክታር በላይ የሚሆኑ ቦታዎች ወደ መሬት ባንክ መልሳ ነበር። ለእንዲህ ያለው ባለውል «ወደ መኖሪያ ቀይሩልኝ» የሚለው ማመልከቻ አንዳንዴ ከመነጠቅ ማምለጫ ነው። ባለሙያው ማመልከቻውን ሲያነብ ቀኑንም አብሮ የሚያነበው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነባር ይዞታ ነው፤ ከሊዝ በፊት የተያዘ፣ ቤቱ የፈረሰ ወይም ግማሹ ጓሮ የሆነ። ባለይዞታው አያቱ የኖሩበትን ቦታ ፕላኑ ቀይ ቀብቶበታል። ቤት አድሳለሁ ሲል የፕላን ስምምነት ፈቃድ ላይ ይያዛል፤ ፎቅ እንዳይሠራ አቅም የለውም፤ እንዳይሸጥም ልቡ አይፈቅድም። ከሦስቱ እጅግ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ሜዳው ባዶ የሆነው ባለቤት አጥቶ ሳይሆን ባለቤቱ እጁ ታስሮ ነውና።

እስኪ እናስላው

ወደ 400 ካሬ ሜትሩ እንመለስ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተመረጡ ናቸው፤ የየከተማው መነሻ ዋጋ በየጊዜው ይከለሳል። ንግዱ በካሬ 1,500 ብር፣ መኖሪያው 600 ብር ነው እንበል። ወለዱን ለጊዜው እንተወው።

በንግድ ቢሸጥ ጠቅላላው 600 ሺህ ብር ነው። ከ10 በመቶ የማያንሰው ቅድሚያ ክፍያ 60 ሺህ ይሆናል፤ ቀሪው 540 ሺህ በ30 ዓመት ቢከፈል ከተማው በዓመት 18 ሺህ ብር ያገኛል። በመኖሪያ ከሆነ ጠቅላላው 240 ሺህ፣ ቅድሚያው 24 ሺህ፣ የዓመቱ ክፍያ 7,200 ነው። የቀለሙ ልዩነት 360 ሺህ ብር ወጣ።

የከተማው ገንዘብ ያዥ ይህን አይቶ «አይቀየርም» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን 18 ሺሁ ብር የሚገባው ተጫራች ሲመጣ ነው። ሜዳው አምስት ዓመት ባዶ ከከረመ በንግድ ስም የተገኘው ገቢ ዜሮ ነው፤ በመኖሪያ ቢሰጥ ኖሮ ቅድሚያውና የአምስት ዓመቱ ክፍያ ተደምሮ 60 ሺህ ብር ይሆን ነበር። በተቃራኒው ደግሞ በስድስተኛው ዓመት መንገዱ ቢሰፋ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ቢጠጋ፣ ሜዳው የከተማው ውድ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በሁለት ምድር ቤቶች ተይዞ መገኘቱ ያስቆጫል። መኖሪያ አንዴ ከገባ አይነሣም፤ ካሣ፣ ምትክ ቦታ፣ የሰው ኑሮ አለ። ባዶ ሜዳ ነገ ፎቅ ሊሆን ይችላል፤ የተኖረበት ቤት ግን ነገ ባዶ ሜዳ አይሆንም። ስለዚህ ባዶነትም ዋጋ አለው። ጥያቄው ለስንት ዓመት የሚለው ነው።

ስሌቱ ውስጥ ያልገባ ሌላም ሰው አለ። ከሜዳው ማዶ፣ ይህ መስመር የንግድ መስመር ይሆናል ብሎ፣ የባንክ ብድር ወስዶ ፎቅ የሠራው ነጋዴ ነው። ቀይ ቀለም ለእሱ ቃል ኪዳን ነበር፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ገበያ ይደምቃል የሚል። ፕላን የሚታመነው ለዚህ ነው፤ በየዓመቱ የሚቀየር ፕላን ፕላን አይባልም።

ችካል ሲተከል

በዚህ አገር መሬት ላይ ቆሞ ገመድ መዘርጋት ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመፀ፤ ሞጣና ቢቸና አውራጃዎች ከአመፁ ማዕከሎች መካከል ነበሩ። ገበሬው የፈራው የግብሩን ብር ብቻ አልነበረም። መሬቱ ተለክቶ፣ ርስትነቱ ቀርቶ፣ ጭሰኛ እንሆናለን የሚል ሥጋት ነበር። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ብሎ የሚያምን ሰው ቃላድ ሲዘረጋ ሲያይ የሚመለከተው ገመዱን አይደለም፤ ከገመዱ በኋላ የሚመጣውን ነው። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተደረገው የገጠር መሬት ሽግሽግ ደግሞ ያንኑ ቁስል ለብዙ ቤተሰብ ነካካው።

የከተማ ባለሙያ ይህን ትዝታ ቢሮው ትቶት ወደ ሰፈር ሊወጣ አይችልም። እንግዲህ የቀለም ለውጡ ለነዋሪ ውይይት ቀረበ እንበል። ከእድሩ ዳኛ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ፕላን ላይሆን ይችላል።

«ልጄ፣ ቤት ይሠራበት ማለታችሁ ደግ ነው። ሰው ሲሞትብን ድንኳኑን የት እንጣል?»

«አባባ፣ እርስዎ ያሉት ተመዝግቧል። በጥናቱ ውስጥ ግን የሐዘን ቦታ የሚል መደብ የለም።»

«መደብማ ለእናንተ ነው የሌለው። እኛማ ሠላሳ ዓመት ተቀምጠንበታል።»

ከኋላ አንዲት ነጋዴ ይነሣሉ፦ «ያን ቦታ እኔ ለሱቅ ተጫርቼበታለሁ። ዋጋው ከበደኝና ተውኩት። ዛሬ ለቤት በርካሽ የሚሆን ከሆነ፣ ያን ቀን ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

ሁለቱም ጥያቄዎች የልብ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሜዳው ባዶ እንዳልነበረ ያስታውሳል፤ ቀለም ያልተሰጠው አገልግሎት ሲሰጥ ኖሯል። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ሕግ አክብራ የወጣች ሰው የከሰረችበት፣ ቆይቶ የመጣ ሰው ያተረፈበት ለውጥ ከሆነ፣ ለውጡ ቤት ቢሠራም እምነት ያፈርሳል።

የሁለት ጊዜ በር

የሙስና መንገዱም ከዚሁ ይጀምራል፤ በግልጽ ልናገረው። ቦታው ዛሬ ከንግድ ወደ መኖሪያ ይዞራል፤ መነሻ ዋጋው ይወርዳል፤ በምደባ ወይም በርካሽ ጨረታ ለአንድ ሰው ይደርሳል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ሰው «አካባቢው ለንግድ የተመቸ ሆኗልና ይቀየርልኝ» ብሎ ያመለክታል። ሁለተኛው ለውጥ ሲፈቀድ በእጁ ያለው በመኖሪያ ዋጋ የተገዛ የንግድ ቦታ ነው። በምሳሌያችን ስሌት 360 ሺህ ብሩ ከከተማው ካዝና ወጥቶ የእሱ ኪስ ገባ። ሁለቱም ውሳኔዎች ለየብቻ ሲታዩ ሕጋዊ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሌብነቱ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ዝምታ ነው።

መዝጊያው አስቸጋሪ አይደለም። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ለውጥ ሲፈቀድ ሁለተኛው ለውጥ ቢመጣ የዋጋው ልዩነት በዚያን ቀን ዋጋ ተሰልቶ እንደሚከፈል በውሉ ውስጥ መጻፍ። ሁለተኛ፣ ለውጡን ለአንድ ካርታ ሳይሆን ለመስመሩ ወይም ለብሎኩ በሙሉ መወሰን፤ አንድን ሜዳ ብቻ ለይቶ ቀለም የሚቀይር ውሳኔ አንድን ሰው ለይቶ የሚጠቅም ውሳኔ ወደ መሆን ይቀርባል። ሦስተኛ፣ ተጫራች የጠፋበትን ምክንያት አስቀድሞ መመርመር፤ ችግሩ የፎቁ ልክ ከሆነ መቀነስ ያለበት ፎቁ ነው፤ ንግዱ አይደለም።

ይህ ሦስተኛው ወደ ባለሱቋ ደጅ ይመልሰናል። ቀይ ወይስ ቢጫ ብለን ስንከራከር ሦስተኛው ቀለም ተረስቷል፤ በፕላን ቋንቋ ቅይጥ አገልግሎት የሚባለው። ጃፓን በዚህ ረገድ ጥሩ ትምህርት ናት። እዚያ እጅግ ጥብቅ በሆነው የመኖሪያ ቀጠና እንኳ ሰው ቤቱ ውስጥ ሱቅ መክፈት ይችላል፤ የሱቁ ስፋት ከ50 ካሬ ሜትርና ከቤቱ ወለል ግማሽ እስካልበለጠ ድረስ። ሕጉ ቀለሙን ትቶ መጠኑን ለካ። እኛም ጋ ቢሆን በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤታቸው በጨረታ የሚሸጥ ሱቅ ሆኖ፣ ገንዘቡ ከላይ ላሉት ቤቶች መደጎሚያ እንዲውል ታስቦ ነበር። መንግሥት ራሱ ሲሠራ ቀይና ቢጫውን አንድ ላይ ደራርቧል።

ለ400 ካሬው ሜዳችን ይህ ምን ማለት ነው? ከታችኛው ጥግ በቀር ለሁለት ይከፈል፤ ፊቱ በምድብ «ሀ» የሚሠራ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ይሁን፤ መሠረቱና ዓምዱ ግን ነገ አንድ ፎቅ እንዲሸከም ሆኖ ይጣል። ዋጋው በንግዱና በመኖሪያው መካከል፣ በወለሉ ድርሻ ይሰላ። ለጨረታ ሲወጣም ያቺ ዋጋው ከብዷት የተወችው ነጋዴ እንድትሰማ በገበያ ቀን ይነገር። ጎርፉ የሚተኛበት ታችኛው ጥግ ለማንም አይሰጥ፤ ቦይ ይውጣለት፤ የተረፈው ለድንኳኑ ይሁን። ልጆቹ የጎል ቋሚ ያደረጉት ችካልም ወደ ቦታው ይመለስ፤ ወሰን ነውና።

በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይህን የሚያሳይ ቀለም ሲቀባ ቀዩም ቢጫውም ትንሽ ትንሽ ይታያል። ከማዶ በብረት በሩ ጀርባ ጨው የምትመዝነው ባለሱቅ ግን ቀለሙን ብታየው አዲስ አይሆንባትም፤ የራሷ ቤት ነው።